አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ፤ የመምህራን አባት

ጻድቁ አባታችን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በዳህና ተወለዱ። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ዓለምን ንቀው ወደ ትግራይ ወጡ፤ አቡነ አረጋዊ ወደ መሠረቱት ወደ ደብረ ዳሞም ገብተው ለአበ ምኔቱ ለአባ ዮሐኒ ታዘዙ። በዚያም በጾም፣ በጸሎትና መጻሕፍትን በመጻፍ ተፈትነው ምንኩስናን ተቀበሉ። መምህር የሚሆን ሰው አስቀድሞ ደቀ መዝሙር መሆን እንደሚገባው በራሳቸው አሳዩ።

በ1240 ዓ.ም. አካባቢ ከደሴ በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ መጥተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የመነኮሳትን ማኅበር አቋቋሙ፤ ትምህርትንም አስፋፉ። የትግራይ ገዳማት ለአምሐራና ለሸዋ ወጣቶች ሩቅ ስለ ነበሩ፣ ሐይቅ ለደቡቡ አገር የትምህርት በር ሆነ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ለመጻሕፍት የነበራቸውን ፍቅር ይመሰክራል።

ከደቀ መዛሙርታቸው ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እኒህ አባት ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ብዙ ዘመን በትሕትና አገለገሉ፤ ኋላም ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚነገረው፣ ከአባ ዮሐኒ ቆብና አስኬማ ተቀብለው ወደ ሐይቅ በተመለሱ ጊዜ መምህራቸው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያንኑ ማዕረግ ከገዛ ደቀ መዝሙራቸው እጅ ተቀበሉ። የሐይቅ ትውፊት ግን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያመነኮሱ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ መሆናቸውን ያጸናል። ከዚህም የተነሣ በሁለቱ ገዳማት ልጆች መካከል የቀዳሚነት ክርክር ኖሯል።

እኛ ተማሮች ከክርክሩ ይልቅ ነገሩን እናስተውል። የሐይቁን ትውፊት ብንከተል፣ ታላቁ ተክለ ሃይማኖት ታዛዥ ልጅ ነበሩ። የደብረ ሊባኖሱን ብንከተል ደግሞ፣ ኢየሱስ ሞዓ በሽምግልናቸው ከልጃቸው ፊት ዝቅ ለማለት አላፈሩም። በሁለቱም መንገድ መንፈሳዊ አባትነት የተቀበሉትን ለሌላው የሚያስተላልፉበት አደራ እንጂ ሰው የግሉ የሚያደርገው ርስት አይደለም። ልጁ ሲበልጠው የሚከፋ መምህር አደራውን ገና አልተረዳም፤ ከፍ ባለ ጊዜ መምህሩን የሚረሳ ተማሪም እንዲሁ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1286 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ፤ መታሰቢያቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ሐይቅን ለመሳለም የሚሄድ ምእመን ሁሉ ያስተማሩትን አባቶቹን በጸሎት ያስባቸው።

የጻድቁ በረከት ይደርብን፤ አሜን።