ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፦ በስደት መንገድ ያልተቋረጠ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተዘራው ሲያፈራ፣ ሕመምተኛ ሲድን፣ የተለያየ ቤተሰብ ሲገናኝ እግዚአብሔርን ማመስገን ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ በአልጋ ላይ ወድቆ ወይም በገዛ ወገኑ ተገፍቶ ሳለ ማመስገን ነው። በአገራችን ሰው እንዴት ነህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኀዘን ቢበረታበትም አስቀድሞ የእግዚአብሔርን ምስጋና በአፉ ይጠራል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ምስጋናው ከከንፈር አልፎ የልብ እምነት የሚሆነው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ሕይወት እየተከተልን ይህን ጥያቄ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ቅዱስ ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር ሹም ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ዐረፈ። እናቱ አንቱሳ በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ዳግመኛ ባል ማግባት ትታ፣ የባሏን ንብረት እየጠበቀች ልጇን በሃይማኖትና በትምህርት አሳደገችው። አረማዊ መምህሩ የዚህችን መበለት ጽናት በሰማ ጊዜ የክርስቲያን ሴቶችን ብርታት እንዳደነቀ ቅዱስ ዮሐንስ ራሱ ጽፏል።

በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከሊባንዮስ የንግግርን ጥበብ ተማረ። የዚህ ዓለም ክብር በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ግን ልቡ ወደ ምናኔ አዘነበለ። እናቱ ብቻዋን እንዳይተዋት በእንባ ስለ ለመነችው ለጊዜው ታገሠ። ኋላ ግን በአንጾኪያ አቅራቢያ ወደሚገኙት ተራሮች ወጥቶ 4 ዓመት በአንድ አረጋዊ መነኩሴ ሥር፣ 2 ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ኖረ። በዚያም እንቅልፉን አሳጥሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ አጠና። ብርዱና ጾሙ ሆድ ዕቃውንና ኩላሊቱን ስለ ጎዱት ወደ ከተማ ለመመለስ ተገደደ። ሕመሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። እንግዲህ ኋላ ስለ ምስጋና ያስተማረው ሁሉ ከታመመ ሰውነት የወጣ ትምህርት መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

የአንጾኪያ የጭንቅ ወራት

በ381 ዓ.ም. ዲቁናን፣ በ386 ዓ.ም. ቅስናን ተቀበለ። ከቅስናው ማግሥት ከተማዋ በታላቅ ጭንቅ ተያዘች። በ387 ዓ.ም. ንጉሡ ቴዎዶስዮስ በጣለው ከባድ ግብር ምክንያት ሕዝቡ ታውኮ የንጉሡንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ሰባበረ። ይህ በዚያ ዘመን ንጉሡን ራሱን እንደ መምታት ይቆጠር ነበር። ብዙዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ተገደሉም። የቀሩት ከተማዋ ትጠፋለች ብለው በፍርሃት ራዱ። አረጋዊው ጳጳስ ፍላብያኖስ እርጅናውና ክረምቱ ሳይበግሩት ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ።

በዚያ የዐቢይ ጾም ወቅት መንጋውን የማጽናናት ሸክም በወጣቱ ካህን ላይ ወደቀ። ቅዱስ ዮሐንስ በእነዚያ ሳምንታት ያስተማራቸው 21 ስብከቶች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። የጻድቁ ኢዮብን ታሪክ እያነሣ፣ ሰይጣን ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን ቢወስድበትም ምስጋናውን ሊወስድበት እንዳልቻለ፣ የተሸነፈውም በዚሁ ምስጋና እንደ ሆነ አስረዳ። ሕዝቡ ስለ ሞት ፍርድ በሚጨነቅበት ሰዓት እርሱ ደግሞ ደጋግሞ መሐላን እንዲተዉ ይለምናቸው ነበር። መከራው ሲያልፍ የሚረሳ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ጸንቶ የሚኖር ንስሓ እንዲተርፋቸው ፈልጎ ነው። በመጨረሻም ንጉሡ ይቅርታ አደረገ፤ ከተማዋም በትንሣኤው በዓል ደስ አላት። ሕዝቡ ግን ምስጋናን የተማረው የምሕረቱ ዜና ከመምጣቱ በፊት ነበር።

መንበረ ቁስጥንጥንያ

ከ12 ዓመት ገደማ የአንጾኪያ አገልግሎት በኋላ የቅዱስ ዮሐንስ ዝና ከቤተ መንግሥት ደረሰ። በ397 ዓ.ም. መጨረሻ ሕዝቡ እንዳይከለክል በስውር ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ፤ በ398 ዓ.ም. መጀመሪያም ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሹመት ለእርሱ የተድላ ኑሮ አልሆነለትም። የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው፤ የግብዣ ማዕድ ትቶ ብቻውን ጥቂት ይመገብ ነበር። ባለጠጎች በወርቅና በሐር ሲያጌጡ ድኃው በደጃቸው መራቡን ያለ ፍርሃት ገሠጸ። ድኆች ወደዱት፤ ተግሣጹ የነካቸው ባለ ሥልጣናትና የቅንጦት ኑሮ የለመዱ አንዳንድ ካህናት ግን ጠሉት። ንግሥቲቱ አውዶክስያም ቃሉ በእርሷ ላይ የተነገረ መስሎ ስለ ታያት ተቆጣች።

በ403 ዓ.ም. ከኬልቄዶን አጠገብ በተደረገ ጉባኤ ከመንበሩ እንዲወርድ ተፈረደበት። መከራውን መራራ ያደረገው ፍርዱ ከአረማውያን ሳይሆን ከገዛ ወንድሞቹ ከጳጳሳት መምጣቱ ነው። ተይዞ እንደ ሄደ ግን ሕዝቡ ታወከ፤ ንግሥቲቱም በቤቷ በደረሰው መቅሠፍት ደንግጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲመለስ አደረገች። ሰላሙ አልቆየም። የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ሲቆም የተደረገው ጭፈራ ጸሎቱን ስላወከ ቅዱሱ ተቃወመ፤ ቁጣውም ዳግም ነደደ። በ404 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ ወታደሮች ንኡሰ ክርስቲያን በሚጠመቁበት ሰዓት ገብተው ሕዝቡን በተኑ፤ የጥምቀቱም ውኃ በደም ቀላ። ሰኔ 20 ቀን ቅዱስ ዮሐንስ ሕዝቡ እንዳይታወክ በስውር ወጥቶ ወደ ስደት ሄደ።

በኩኩሶስ በረዶ መካከል

የስደቱ ስፍራ በአርመን ተራሮች መካከል ያለችው ኩኩሶስ ነበረች። በትኩሳት እየነደደ 70 ቀን ያህል ከተጓዘ በኋላ ደረሰባት። በዚያ የተቀበሉት ሰዎች በፍቅር አስተናገዱት፤ አገሩ ግን ለሕመሙ የማይስማማ ነበር። ክረምቱን በአልጋ ላይ በልብስ ብዛት ተሸፍኖ፣ በእሳቱ ጢስ እየታፈነ፣ ምግብ አልረጋ እያለው፣ እንቅልፍ አጥቶ አሳለፈ። ወንበዴዎች አገሩን በወረሩ ጊዜም በብርድ መካከል ወደ አራቢሶስ ምሽግ ሸሸ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሱ ለወዳጆቹ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው። ከ200 የሚበልጡት ተጠብቀው ደርሰውናል። ከእነርሱ 17ቱ የተላኩት በእርሱ ምክንያት መከራ ለደረሰባትና በኀዘን ለተሰበረችው ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ነው። ሕመሙን አልደበቃትም። ነገር ግን በእውነት ሊፈራ የሚገባው አንድ ነገር ኃጢአት ብቻ እንደ ሆነ፣ ስደትም ሆነ መወረስ ወይም ሐሜት እንደሚያልፍ ጥላ መሆኑን እየጻፈ አጽናናት። በሕመሟም መድኃኒት እንድትወስድ መከራት። በዚያው በስደት ሳለ በጻፈው ድርሳን፣ ሰው ራሱን በኃጢአት ካልጎዳ በቀር ሌላው ነፍሱን ሊጎዳት እንደማይችል አስተማረ።

እጆቹም አልታጠፉም። በአካባቢው ረኀብ ሲገባ ድኆችን ረዳ፤ በወንበዴዎች የተማረኩትን ዋጅቶ ወደ ቤታቸው መለሰ፤ በፊንቄ ወንጌልን ለሚሰብኩት መነኮሳት እርዳታ እንዲላክ በደብዳቤ ይተጋ ነበር። መንበሩን ቢነጠቅም እረኝነቱን አልተነጠቀም።

የመጨረሻው መንገድ

ሰዎች እርሱን ፍለጋ ወደ ኩኩሶስ መጉረፋቸው ጠላቶቹን ስላስቆጣ፣ በ407 ዓ.ም. ከጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ፒትዮስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ የታመመውን አባት በፀሐይና በዝናብ ያለ ዕረፍት ነዱት። ኮማና በምትባል ስፍራ አጠገብ በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በዚያች ሌሊት ሰማዕቱ ተገልጦ በማግሥቱ አብረው እንደሚሆኑ ነገረው። ሲነጋ ጥቂት እንዲቆዩ ቢለምናቸውም ወታደሮቹ አልሰሙትም። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ግን ሕመሙ ስለ ጸናበት ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን መለሱት።

በዚያም ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውንም ልብስ በዙሪያው ላሉት አከፋፈለ፤ ቅዱስ ቍርባንን ተቀበለ። ከዚያም እንደ ልማዱ ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር ሰጥቶ፣ በአሜን አትሞ ዐረፈ። ዕለቱ መስከረም 14 ቀን 407 ዓ.ም. ነበር። በ438 ዓ.ም. ቅዱስ አጽሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። የአውዶክስያ ልጅ ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስም በአስከሬኑ ፊት ተደፍቶ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ ለመነ።

ከሊቁ ሕይወት ምን እንማራለን?

ውድ ምእመናን፣ ቅዱስ ዮሐንስ ይህን ክብር በዓይነ ሥጋ አላየም። ያመሰገነው ፍርዱ ተገልብጦለት፣ ጤናው ተመልሶለት ወይም ወደ መንበሩ ገብቶ አይደለም፤ መከራው ሳይፈታ በመንገድ ላይ እንደ ወደቀ ነው። ስለዚህ ምስጋናው ለተደረገለት ነገር የተከፈለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ላይ የነበረው እምነት ምስክር ነው።

ደግሞም ማመስገን ሕመምን መካድ እንዳልሆነ ከእርሱ እንማራለን፤ ብርዱን ብርድ፣ ሥቃዩንም ሥቃይ ብሎ ጽፏልና። በደልንም ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ የተፈረደበት ፍርድ እንዲመረመር ወደ ሌሎች አባቶች ጽፏልና። ዛሬ ቤቱ የፈረሰበት፣ የሚወደውን የተነጠቀ ወይም በሰው አገር በብቸኝነት የሚኖር ወገናችን እንባውን ዋጥ አድርጎ እንዲያመሰግን አይገደድም። እያለቀሰም ማመስገን ይችላል። እኛም እርሱን የምናጽናናው አመስግን በማለት ብቻ ሳይሆን፣ ስደተኛው ሊቅ እንዳደረገው የተራበውን በመመገብና የተጨነቀውን በመጎብኘት መሆን ይገባዋል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን መታሰቢያ ታከብራለች፤ በስሙ የሚጠራውም ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። ቅዳሴውን አኰቴተ ቍርባን ብላ ስትጠራው የምሥጢሩ ስም ራሱ ምስጋና መሆኑን ትነግረናለች። ሊቁ የመጨረሻ ምስጋናውን ያቀረበው ከዚህ ማዕድ ተቀብሎ ነው። እኛም በመከራ ቀን ለምስጋና ኃይል ስናጣ ከዚሁ ማዕድ አንራቅ፤ ልብ ሲደክም የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይደግፈዋልና። ከዚያ በኋላ ሰው እንዴት ናችሁ ሲለን የምንመልሰው ምስጋና የእምነታችን ቃል ይሆናል።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ አይለየን፤ ያዘኑትን አምላከ ቅዱሳን ያጽናናልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር