ጆን ሃርትፊልድና መቀሱ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት፣ እኛ የዲዛይን ትምህርት ተማሪዎች የአንድ ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን። ዛሬ ፎቶግራፍ ቆርጠን ከሌላ ፎቶግራፍ ጋር የምናጋጥመው በኮምፒዩተር ነው። ለዚህ ሥራ የታወቀው ፎቶሾፕ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ሞንታዥ የሚባለው ጥበብ ግን ከኮምፒዩተር እጅግ የቀደመ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሃርትፊልድ በ1891 በበርሊን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሄልሙት ሄርትስፌልድ ነበር። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1899፣ ወላጆቹ አራት ልጆቻቸውን በኦስትሪያ ተራራማ አገር ጥለው ስለ ጠፉ፣ እርሱና ታናናሾቹ በሰው እጅ አደጉ። ቢሆንም በትምህርት በርትቶ በሙኒክ ከተማ ከነበረው የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በጀርመን አገር በእንግሊዞች ላይ የጥላቻ ስብከት ተስፋፍቶ ነበር። ወጣቱ ሠዓሊ ይህን በመቃወም በ1916 ስሙን ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ ጆን ሃርትፊልድ ተባለ። በ1917 ከወንድሙ ከቪላንድ ጋር ማሊክ የተባለውን የመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ከጓደኛው ከሠዓሊው ከጆርጅ ግሮስ ጋርም የተቆረጡ ሥዕሎችን የማገጣጠም ሥራ ጀመረ።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ሐሳቡን ከወሰነ በኋላ ተስማሚ ፎቶግራፎችን ይፈልጋል፤ ያጣ እንደሆነም ፎቶግራፍ አንሺ ጠርቶ እንዳሰበው አድርጎ ያስነሣል። ከዚያም በመቀስ ቆርጦ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ የመጋጠሚያውን ጠርዝ በቀለም ይሸፍናል። እኛ በኮምፒዩተር የምንማረው መቁረጥ፣ መደራረብና ጠርዝ ማለስለስ በእርሱ ዘመን የእጅ ሥራ ነበር።

ከ1930 ጀምሮ ሃርትፊልድ ለጀርመን ሠራተኞች ይታተም በነበረ ባለሥዕል መጽሔት ይሠራ ነበር። በ1932 ያወጣው አንዱ ሞንታዥ ሂትለር ንግግር ሲያደርግ ያሳያል፤ ደረቱ ግን እንደ ራጅ ፎቶግራፍ ተገልጦ፣ አከርካሪው የተደራረበ የወርቅ ሳንቲም ሆኖ ይታያል። በሌላው ሞንታዥ ሂትለር ሰላምታ ለመስጠት ወደ ኋላ ባጠፈው መዳፍ ላይ፣ ከበስተኋላው የቆመ ግዙፍ ሰው ገንዘብ ያኖርለታል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የድሆች ወዳጅ ነኝ ባዩ ሰው ከባለጸጎች ገንዘብ ይቀበላል ማለት ነው።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ዓመት፣ በሚያዝያ 1933፣ የታጠቁ ሰዎች ቤቱን ሰብረው ገቡ። እርሱ ግን ከሰገነቱ ዘሎ ተደበቀና ተራራ አቋርጦ ፕራግ ከተማ ደረሰ። በዚያም ሥራውን ቀጠለ። በ1934 ሞንታዦቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ የጀርመን መንግሥት አቤቱታ በማቅረቡ አንዳንዶቹ ከግድግዳ ወረዱ። በ1938 ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በ1950 ወደ ምሥራቅ ጀርመን ቢመለስም፣ በምዕራብ አገር ስለ ቆየ ለጥቂት ዓመታት በጥርጣሬ ዓይን ታየ። በ1968 በበርሊን ዐረፈ።

ይህን ሰው ስናመሰግን ጉድለቱንም ልንሰውር አይገባንም። ሃርትፊልድ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበር። በስታሊን ዘመን በሶቪየት ኅብረት ከመንግሥት ጋር የተጣሉ ሰዎች መልክ ከፎቶግራፍ ላይ ይፋቅ ነበር፤ የእርሱ መቀስ ግን ወደዚያ ወገን አልዞረም።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የሃርትፊልድን ሞንታዥ የሚያይ ሰው አከርካሪው በእውነት ሳንቲም ነው ብሎ አይታለልም፤ ሥዕሉ የተሰፋ መሆኑን እያወቀ ሐሳቡን ይመዝናል። ፋቂዎቹ ግን ተመልካቹ ምንም እንዳልተነካ አድርጎ እንዲያምን ይፈልጉ ነበር። መቀሱም ሙጫውም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው የሠሪው አሳብ ነው።

ዛሬ ማንኛችንም በአንድ ሰዓት ውስጥ የሰውን ፊት ከሌላ ሰው አካል ጋር ልናጋጥም እንችላለን። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እጃችን ከመፍጠኑ በፊት ሥዕላችን ተመልካቹን ያሳስበው ወይስ ያታልለው እንደሆነ እንመርምር።