ከዘጌ እስከ ቱሪን፤ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተማሪነት ዘመንና ያስከተለው ዕዳ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቼ የአንድ መሐንዲስ ታሪክ እመርጣለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥኩት ሠዓሊና ደራሲ የነበሩትን፣ በመጨረሻው ዘመናቸውም ብርቱ ወቀሳ ያተረፉትን ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ነው። ምክንያቱን ለመግለጽ ከራሴ አንድ ነገር ማስቀደም ይኖርብኛል።

ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በሰሜን ኢጣሊያ ወደምትገኘው የቱሪን ከተማ ሄጄ ነበር። በደረስኩ በመጀመሪያው ሰሞን በጣም የደነቀኝ ነገር ቢኖር፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ አጠገብ ሳልፍ የሠራተኞቹን ንግግር በከፊል መረዳቴ ነው። ፌሮ፣ ጄሶ፣ ሲሚንቶ፣ ቱቦ፣ ላሜራ ይባባሉ ነበር። እነዚህን ቃላት ከልጅነቴ ጀምሮ የአማርኛ ቃላት ናቸው ብዬ ነበር የማውቃቸው። ከእነዚያ ቃላት ሌላ ግን የምናገረው አልነበረኝም። በዚህም ላይ ከአገር ቤት ሊላክልኝ የሚገባው የመማሪያ ገንዘብ ሰባት ሳምንት ዘገየ። በእነዚያ ሳምንታት የቤት ኪራዬንም ሆነ የዕለት ምግቤን የቻለልኝ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ኢጣሊያዊ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። አንድ ቀን ማታ በገበታ ላይ ይኸው ጓደኛዬ፣ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ መንገድ መሥራቷ በወረራው ላይ ሊነሣ የሚችለውን ወቀሳ ሁሉ የሚያካክስ ነው የሚል አሳብ ሰነዘረ። የመንገድ መሐንዲስ ነኝና ልመልስለት የምችለው ብዙ ነበረኝ። ነገር ግን የበላሁት እንጀራ የእርሱ ነበርና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ያለፍኩት በአልበርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ በር ነበር። ከእኔ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተማሩት በዚያ ቤት ነው። የእሳቸውን ታሪክ ከዚያ ቀን በፊት ባነብም የገባኝ በዚያን ዕለት ነው ለማለት እደፍራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

አፈወርቅ በ1868 በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሚገኘው በዘጌ ልሳነ ምድር ተወለዱ። ዘጌ በቡናውና በገዳማቱ የታወቀ አገር ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። በዚያ የሚያድግ ልጅ ከፊደል ጋር ሥዕልን ያያል፤ አፈወርቅም የቤተ ክህነት ትምህርት ሲቀስሙ ሥዕልን አብረው ለመዱ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና ስለነበራቸውም በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የመቅረብ ዕድል አገኙ። ንጉሡ የወጣቱን ተሰጥዖ ተመልክተው በ1887 ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣሊያ ላኳቸው። ዕድሜያቸው ገና 19 ዓመት ገደማ ነበር።

ዓመቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያው በ1887 በጥር ወር ራስ አሉላ በዶጋሊ ወደ 500 የሚጠጋ የኢጣሊያ ጦር ደምስሰዋል። በሰኔ ወር ደግሞ በሮማ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሞቱት ወታደሮች የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ ስፍራውም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተባለ። ምኒልክ በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ኢጣሊያም የዮሐንስ ጠላት ስትሆን ምኒልክን ወዳጅ ለማድረግ ትጥር ነበር። ይህን ጉዳይ በሸዋ የሚያካሂደው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከምኒልክ ጋር በተዋዋለው ስምምነት ኢጣሊያ 5,000 ጠመንጃ ለመስጠት ቃል ገብታለች። ወጣቱ ሠዓሊ ወደ ኢጣሊያ የሄዱትም በዚሁ ሰው አማካይነት ነው። እንግዲህ አፈወርቅ የተላኩት በሁለት መንግሥታት የጥቅም ግንኙነት መካከል ነው ማለት ነው። የላኳቸው ንጉሥ ትምህርትን አስበው ላኩ፤ የተቀበላቸው አገር ግን ከትምህርቱ ሌላ የሚያስበው ጉዳይ ነበረው።

የዛሬ ተማሪ ማታ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጧት ሮማ ይገባል። በዚያ ዘመን ግን ከሸዋ ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ ያለው መንገድ በበቅሎና በእግር የሚሄዱት ሲሆን ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ከዚያም ቀይ ባሕርን አቋርጦ፣ በ1869 የተከፈተውን የስዊዝ ቦይ አልፎ፣ በሜዲትራኒያን በኩል ወደ ኢጣሊያ ወደብ የሚያደርሰው መርከብ ነው። በኢትዮጵያ አንድም የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ ለዘጌው ወጣት መርከቡም ባቡሩም፣ የጋዝ መብራቱም የፋብሪካው ጭስም ሁሉ በአንድ ሰሞን የመጣ እንግዳ ነገር ነበር።

ቱሪን ከ1861 እስከ 1865 የተባበረችው ኢጣሊያ የመጀመሪያ ዋና ከተማ ነበረች። ከአካዳሚው ጥቂት መንገድ ርቆ ለእኛ ሙያ ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ሕንፃ በዚያን ጊዜ በመሠራት ላይ ነበር። ይኸውም በአርክቴክቱ በአሌሳንድሮ አንቶኔሊ ስም የሚጠራው ሞሌ አንቶኔሊያና ነው። በ1863 ለአይሁድ ምኩራብ ተብሎ ተጀምሮ፣ ወጪው ከዕቅዱ በላይ ስለሆነ ማኅበረሰቡ ሲተወው ከተማዋ ተረከበችው። አርክቴክቱ ሥራው ሳይፈጸም በ1888 ሞተ፤ በ1889 ሲጠናቀቅ ቁመቱ 167 ሜትር ተኩል ደረሰ። አፈወርቅ ቱሪን በገቡበት ዘመን ይህ ግንብ ወደ ሰማይ እየወጣ ነበር።

በአካዳሚው ውስጥ የጠበቃቸው ትምህርትም ከለመዱት ፈጽሞ የተለየ ነበር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ በጎኑ ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የሰው ትልቅነትና ትንሽነት የሚወሰነው በክብሩ እንጂ ከተመልካቹ ባለው ርቀት አይደለም። የአውሮፓ አካዳሚ ግን ተማሪውን የሚያስጀምረው ከጄሶ የተሠራ የሰውነት ቅርጽ በእርሳስ በማስነደፍ ነው። ከዚያ የአጥንትና የጡንቻ አቀማመጥ፣ የብርሃንና የጥላ አወዳደቅ፣ የርቀት ሕግ፣ በመጨረሻም እርቃኑን የቆመ ሰው ይሣላል። በዚህ ሕግ መሠረት ጻድቅ ቢሆንም ከራቀ ያንሳል፤ ክፉ ቢሆንም ከቀረበ ይገዝፋል። ከዘጌ ለመጣ ወጣት ይህ የእጅ ሥራ ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ የቆመበትን የማመዛዘኛ ሥርዓት ሁሉ የሚነካ ነበር።

ተማሪው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ በ1889 የውጫሌ ውል ተፈረመ። ውሉን ያዘጋጀው ያው አንቶኔሊ ነው። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል መለያየት በሰባት ዓመት ውስጥ አገራችንን ለዓድዋ ጦርነት እንዳበቃት ሁላችንም እናውቃለን። አስተናጋጁና ላኪው ባላጋራ በሆኑ ጊዜ በመካከል የቆመ ተማሪ የማን ሰው ይሆናል? የአፈወርቅ ሕይወት በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አፈወርቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእቴጌይቱ ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። የተማሩትን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት፣ የሚመሩት የሥራ ክፍል፣ ሙያቸውን የሚዳኝ የሙያ ባልደረባ አልነበራቸውም። መከበራቸውም ሆነ መጣላቸው በቤተ መንግሥት ፊት በመወደድና ባለመወደድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1894 ከጉግሣ ዳርጌና ከቅጣው ዘአማኑኤል ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር፣ ወደ ኑሻቴል ሄዱ። በማግስቱ ዓመት፣ ጦርነቱ በተቃረበበት ጊዜ፣ ሦስቱም ወደ ኢጣሊያ ተሻገሩ። ወገኖቻቸው በዓድዋ ተራሮች ሲዋጉ አፈወርቅ በጠላት አገር ነበሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘመን ግን ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የበረከት ዘመን ሆነ። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቸስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ አስተማሩ። በ1905 የአማርኛ ሰዋስውና የኢጣልያንኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ በሮማ አሳተሙ። በወጣትነታቸው ያለ ቋንቋ ባዕድ አገር የገቡት ሰው፣ ለሌላው ተጓዥ የመነጋገሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀታቸውን ባሰብኩ ቁጥር እነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ትዝ ይሉኛል። በ1908 «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ ታተመ። የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ መሆኑ የታወቀለት ይህ ሥራ፣ ዋህድና ጦቢያ ስለሚባሉ መንታ ወንድምና እኅት ይተርካል። በ1909 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። ይህን መጽሐፍ ወጣቱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ለውዳሴ ያደላ ነው ሲሉ ተችተውታል። ልብ ወለድ የሚለው ስያሜ ራሱ እስከ ዛሬ ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ መኖሩ የአፈወርቅን ድርሻ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በድሬዳዋ ነጋድራስነት አገለገሉ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆኑ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን በወረረች ጊዜ ግን ወደ ወራሪው ወገን ዞሩ። በወረራው ዓመታት አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው አንደበታቸውንና ብዕራቸውን ለጠላት አዋሉ። በየካቲት 1937 በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ የፈጸመውን መንግሥት ማገልገል በምንም ሚዛን ቢመዘን ቀላል ጥፋት አይደለም። ነጻነት በ1941 ከተመለሰ በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው፣ የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው፣ በ1947 በዚያው አረፉ። ጅማ ከሆሳዕና በስተ ምዕራብ፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ነው።

አንዳንድ አንባቢ፣ ጸሐፊው የጥፋቱን ምክንያት በመጀመሪያዎቹ የስደት ቀናት ላይ ጥሎ ሰውየውን ነጻ ሊያወጣ ነው ይል ይሆናል። አሳቤ ይህ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው፣ በባዕድ ሰዎች እጅ አድገውና የመድፈኛ ሙያ ተምረው ተመልሰዋል፤ በ1935 ግን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሰው ለመረጠው መንገድ ራሱ ተጠያቂ ነው። ነገር ግን እኛ መሐንዲሶች አንድ ግንብ ሲናድ የግንበኛውን ስም ጠርተን ብቻ አንተወውም፤ መሠረቱንም እንመረምራለን። በአፈወርቅ ታሪክ የምናገኘው የመሠረት ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሲሄዱ ስንቃቸውም መጠለያቸውም በባዕድ መንግሥት እጅ መውደቁ ነው። ሁለተኛው፣ ሲመለሱ ሙያቸውን የሚቀበል ተቋም አለመኖሩ ነው።

ዛሬ ከሐዲያና ከከምባታ ከተሞች፣ ከሆሳዕናም ከዱራሜም ከሾኔም፣ ብዙ ወጣት ከአገር ይወጣል። አብዛኛው ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ጥቂቱ ለትምህርት ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ይሄዳል። ለሥራ የሚሄደውን ቀድሞ የሄደ ወንድሙ ወይም የአገሩ ልጅ ይቀበለዋል፤ ያሳድረዋል፤ ሥራ ያስጀምረዋል። ለትምህርት የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። የተማረው ከተራው ሠራተኛ ያነሰ ተቀባይ ያለው መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየአገሩ ያሉት አባሎቻችን ዝርዝር ተዘጋጅቶ፣ አዲስ ተማሪ ሲሄድ በጣቢያ የሚቀበለው የሙያ ወንድም ወይም እኅት ይኑረው። ገንዘቡ ቢዘገይ የሚደርስለት አነስተኛ የብድር መደብ ይቋቋም። ሲመለስም የተማረውን በማኅበሩ ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብና ከሚሠራበት ቦታ ጋር እንዲገናኝ ይደረግ። ይህ ሁሉ ከአንድ ትንሽ ድልድይ ወጪ ያነሰ ነው።

የጀመርኩትን ልጨርስ። ገንዘቤ በስምንተኛው ሳምንት ሲደርሰኝ የጓደኛዬን ብድር ከፈልኩ፤ በዚያኑ ዕለት ማታም እኔ ጋብዤው ስለ መንገዶቹ ያቆየሁትን መልስ ነገርኩት። መንገዶቹ በቅድሚያ የተዘረጉት ጦር ለማጓጓዝ እንደነበረ፣ የአገሬ ሰውም በግዳጅ እንደሠራባቸው አስረዳሁት። ጥቂት ተከራከረኝ፤ ከዚያም አመነልኝ፤ ወዳጅነታችንም እስከ ዛሬ አለ። በሰባቱ ሳምንታት ውስጥ ይህን ለማለት አልቻልኩም ነበር። አፈወርቅን በማስብበት ጊዜ ሁሉ፣ የእሳቸው ስምንተኛ ሳምንት አለመምጣቱ ይታየኛል።