ቴዎድሮስ በጣና ላይ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲወራ የሚወራው ተራራ ነው። ደብረ ታቦር፣ መቅደላ፣ መድፍ የተጎተተበት ዳገት። እኔን ግን ሁሌ የሚስበኝ ሌላ ነው፤ ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ያሳለፏቸው ጥቂት ወራት። ጸሐፊዎቻችን ይህችን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘለው ወደ መቅደላ ይሮጣሉ።

ትራያትሎን የሚባለው ውድድር መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሩጫ ነው። የሚወዳደሩት ሰዎች ሲያወሩ እንደምሰማው ከሁሉ የሚጥማቸው ውድድሩ ሳይጀመር ወደ ሰፊው ውኃ ገብቶ መዋኘት ነው። ሰዓት የሚይዝ የለ፣ ቀድሞ የሚያልፍ የለ። ያንን ዓመት ሳስብ ይኼ ነው የሚመጣብኝ። ንጉሡ ዋኙ እያልኩ አይደለም። ግን ከዚያ ሁሉ ድካም በፊት ውኃው ላይ የተጫወቱ ይመስለኛል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ተወለደ። ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ገዳሙ በጦር ተመታና አምልጦ ወጣ። ሸፈተ፣ ሰው ሰበሰበ፣ በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ራስ አሊን ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ደራስጌ ማርያም ላይ ነገሠ። ይኼን ሁሉም ያውቀዋል።

መናገሻቸውን ደብረ ታቦር ካደረጉ በኋላ እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አሰፈሩ። እኛ አገር ደብረ ታቦር ማለት ከ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ብርድ የሚቆነጥጥበት ቦታ ነው። ወደ ምዕራብ ቁልቁል ከተወረደ ግን ፎገራ ይመጣል፣ ከፎገራ ቀጥሎ ጣና ነው። ደገኛው ለእህልና ለገበያ ይወርዳል እንጂ ውኃውን ብዙም አይደፍርም። ታንኳ የወይጦዎች ነበር። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ይሠሩታል፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ደጋግሞ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል።

የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የታሰሩትን ለማስፈታት መጥቶ ቆራጣ ተቀመጠ። ንጉሡ ደግሞ ከማዶ ዘጌ ሰፈሩ። በሚያዝያ እንግዶቹን አሰሯቸው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ጣጣ መሀል ልባቸው የት ነበር ቢባል ጀልባ ላይ! አውሮፓውያኑን ሥሩልኝ ቢሏቸው አናውቅም አሉ። ንጉሡም ራሳቸው ጀመሩ። የሠሩት ከደንገል ነው፣ ግን ግዙፍ ነው። ላዩ ጣውላ ተነጠፈበት፤ በግራና በቀኝ መንኮራኩር ተገጠመለት፤ መንኮራኩሩን ሰው በእጁ ያሽከረክረዋል። እንግዲህ የእንፋሎት መርከብ መሆኑ ነው፣ የጎደለው እንፋሎቱ ብቻ ነበር።

እስረኞቹ እነ ራሳምና ዶክተር ብላንክ ይኼን በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል። መንኮራኩሮቹ ከፍ ብለው ስለተሠሩ ውኃውን እንዲነኩ ጀልባው ወደ ታች መጫን ነበረበት፤ ለዚህ ወደ መቶ ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዳንዱ ይህን ሲያነብ ይስቃል። እኔ አያስቀኝም። የእንፋሎት መርከብ ያላዩ ሰው፣ ባለሙያዎቹ አናውቅም ያሉትን፣ ከደንገል አስረው ውኃ ላይ አስኬዱ። እዚያ ላይ ንጉሡ ቁጣቸውን ለጥቂት ጊዜ የረሱ ይመስለኛል።

ብዙም አልቆየም። በሰኔ ኮሌራ ሰፈሩን ገባበት። ሠራዊቱ ከዘጌ ወደ ቆራጣ፣ ከቆራጣ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ሬሳ እየቀበረ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው ይከብዳል። የበጌምድር ሰው ሆኜ ዘልዬው ባልፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። በ1859 ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ገበሬው ጎተራው ሲራቆት ሸፈተ፣ ንጉሡም ባሰባቸው። ጣና ውስጥ ያለችው የምጽራሃ ደሴት ሰው በውኃው ተማምኖ ነበር፤ ንጉሡ ግን ተሻገሩ። ሕዝቡ በየቤቱ ሆኖ ተቃጠለ። ውኃው ያኔ መጫወቻነቱ ቀርቷል።

ጋፋት ላይ 7 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀለጠ። በጥቅምት 1860 መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። እንደገና መንኮራኩር፣ እንደገና የሰው እጅ፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው መድፉን በጠፍር ይጎትታል። ገደሉ ይናዳል፣ መንገዱ ይጠረጋል፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅላሉ። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ስለዚህ ጉዞ ጽናት ብዙ ተዘፍኗል፤ መድፉን ስለጎተቱት ሰዎች ግን ብዙ አልሰማሁም።

በእነዚያው ወራት ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ እየወረደ ነበር። መርከቦቹ ገሚሶቹ በሸራ፣ ገሚሶቹ በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄዱ ናቸው። ወታደር፣ በቅሎ፣ ከህንድ የመጣ ዝሆን ሳይቀር አራገፉ። ከመርከቦቹ የወረዱ የባሕር ኃይል ሰዎችም ሮኬታቸውን በበቅሎ ጭነው ያን ሁሉ ተራራ ወጡ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ወደ ንጉሡ ሠራዊት ተኮሱት። ቴዎድሮስ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።