ጆርጅ ቲልዩ፤ የሣቅ ነጋዴ

ጆርጅ ቲልዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተወለደ። ያደገውም በኮኒ አይላንድ ባሕር ዳር፣ ወላጆቹ በከፈቱት ሆቴል ነው። በ1897 ዓ.ም. ስቲፕልቼዝ የተባለውን መዝናኛ አቋቋመ፤ በዚያም የእንጨት ፈረሶች በሐዲድ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. ቶምሰንና ዳንዲ የተባሉትን ሰዎች፣ ወደ ጨረቃ የሚያስጕዝ ከሚመስለው ትርኢታቸው ጋር አስገባ። እነርሱ ግን በዓመቱ ወጥተው እዚያው ሰፈር ሉና ፓርክን ከፈቱበት። በ1904 ዓ.ም. ድሪምላንድ ሦስተኛ ሆነ። ገበያተኛው አንድ፣ ባለ ሱቁ ሦስት ሆነና አምና የመጣውን ሰው ዘንድሮም ለመመለስ በየጊዜው አዲስ ነገር ማቅረብ ግድ ሆነ።

ተፎካካሪዎቹ በታላላቅ ሕንፃና በኤሌክትሪክ መብራት ሲበላለጡ፣ ቲልዩ ሰው ከሁሉ ይልቅ በሰው መሣቅ እንደሚወድ ተረዳ። ከፈረሱ የወረደው እንግዳ ሳያስበው መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከወለሉ የሚነፍሰው አየር ባርኔጣውን ይወስድበታል። ከዚያም ተቀምጦ በተረኛው ይሥቃል።

በ1907 ዓ.ም. መዝናኛው ሲቃጠል፣ ፍርስራሹን በ10 ሳንቲም አስጐበኘ፤ መልሶም ሠራው። ድሪምላንድ ግን በ1911 ዓ.ም. ተቃጥሎ ቀረ። ቲልዩ በ1914 ዓ.ም. ሞተ፤ ስቲፕልቼዝ እስከ 1964 ዓ.ም. ቈየ። እንግዲህ ከሀብት ብዛት ይልቅ ሰውን ማወቅ ዕድሜ ይሰጣል።