ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ፥ የተሬዚን ልጆች መምህር

ሥዕል የተጨነቀ ልብ ያሳርፋል ሲባል የሚስቅ ጓደኛ ካለ የዚችን ሴት ታሪክ ይስማ።

ፍሪድል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 በቪየና ተወለደች፤ ቫይማር በነበረው በታወቀው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ተማረች፤ በ1934 ወደ ፕራግ ተሰደደች። አይሁዳዊት ነበረችና በ1942 መጨረሻ ናዚዎች ከባሏ ጋር ወደ ተሬዚን አጋዟት። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጓዝ 50 ኪሎ ብቻ ሲሆን፥ እርሷ ለወረቀትና ለቀለም ቦታ አላጣችም።

በግዞቱ የነበሩት ልጆች ተርበው፥ ነገ በባቡር ወዴት እንደሚወሰዱ ሳያውቁ ይኖሩ ነበር። የእርሷ ዓላማ ሠዓሊ ማውጣት አልነበረም፤ የተበተነ ሐሳባቸውን መሰብሰብ ነበር እንጂ። ወረቀት ሲጠፋ በቢሮ ቅጽ ጀርባ ያሥላሉ፤ ቁርጥራጭም እያጣበቁ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ልጅ በሥራው ላይ ስሙን እንዲጽፍ ግን አጥብቃ ታዝ ነበር። በቁጥር ለተመዘገበ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

ሥዕሉ ከሞት አላዳናቸውም፤ አብዛኞቹ ተገደሉ። በ1944 ባሏ ሲወሰድ ፍሪድል በፈቃዷ ተከተለችው፤ በኦክቶበር በአውሽቪትዝ ተገደለች፤ ባሏ ግን ተረፈ። ቀድሞ ያስተማረቻት ኤዲት ክራመር አሜሪካ ተሻግራ፥ ሥዕልን ለሕክምና የማዋልን ሙያ ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

በተሬዚን 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ቀርተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፕራግ ገቡ፤ ዛሬም በዚያው በአይሁድ ሙዚየም የልጆቹ ስም ይነበባል።