ፍሬድሪክ ዳግላስ እና የባሪያ አሳዳሪዎች ሃይማኖት

ፍሬድሪክ ዳግላስ በአሜሪካ የፀረ ባርነት ትግል ውስጥ ስመ ጥር ተናጋሪና ጸሐፊ ነበር። በአብያተ ክርስቲያናት ላይ በሰነዘረው ትችት ምክንያት ተቃዋሚዎቹ ከሃዲ አድርገው ቢቆጥሩትም፣ የሕይወት ታሪኩ ትችቱ ከእምነቱ የመነጨ እንደነበር ያስረዳል።

ዳግላስ በ1818 እ.ኤ.አ. ገደማ በሜሪላንድ ከባሪያ እናት ተወለደ። በ1832 ጌታው ቶማስ ኦልድ በሜቶዲስቶች ጉባኤ ላይ ሃይማኖትን ሲቀበል፣ ወጣቱ ባሮቹን ነጻ ያወጣል ወይም ይራራላቸዋል ብሎ ተስፋ አደረገ። ኦልድ ግን በጸሎት እየተጋ በጭካኔው ባሰበት፤ ለግርፋቱም ከቅዱሳት መጻሕፍት ይጠቅስ ጀመር። ጥቁሮች ወንጌል ማንበብ የሚማሩበትን የሰንበት ትምህርት ቤት በኃይል ከበተኑት መካከልም እርሱና የቤተ ክርስቲያኒቱ የምእመናን መሪዎች ይገኙበታል።

ኦልድ ዳግላስን እንዲገራለት የላከበት ገበሬ ኤድዋርድ ኮቪ ጠዋትና ማታ የቤተሰብ ጸሎት የማያስታጉል ሰው ነበር። ራሱ መዝሙር ማዜም ስለማይሆንለት ዳግላስ እንዲያስጀምር ያዝዘው ነበር፤ በየሳምንቱ የሚገርፈውም እርሱ ነው። ይኸው ሰው የሚወለዱት ልጆች ንብረቱ እንዲሆኑለት አንዲት ሴት ገዝቶ፣ ሌሊት ሌሊት ከተከራየው ወንድ ባሪያ ጋር ይዘጋባት ነበር።

ዳግላስ በ1838 ወደ ሰሜን አመለጠ። ባርነት በሌለበት በኒው ቤድፎርድ የገባበት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ግን ቅዱስ ቁርባንን በመጀመሪያ ለነጮች፣ ከእነርሱ በኋላ ለጥቁሮች ያቀብል ነበር። ይህን ባየ ጊዜ ለቆ ወጣ፤ እምነቱን ግን አልተወም። ወደ ጥቁሮች የጽዮን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሰባኪ ሆነ።

በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መጨረሻ ላይ፣ የነቀፈው የባሪያ አሳዳሪዎችን ሃይማኖት እንጂ የክርስቶስን ትምህርት አለመሆኑን የሚያብራራ ጽሑፍ አከለ። በ1846 ደግሞ የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች የተቀበለችውን ገንዘብ እንድትመልስ በስኮትላንድ ከተሞች እየዞረ ሞገተ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ባርነትን በቃል ብታወግዝም ገንዘቡን አልመለሰችም።

ዳግላስ በ1895 አረፈ። ከእነዚህ ክስተቶች እንደሚታየው፣ የትችቱ ዒላማ የግለሰቦች ኃጢአት ብቻ አልነበረም፤ ኮቪንና ኦልድን በአባልነት አቅፎ፣ ከባሪያ ጉልበት የተገኘ ገንዘብ ተቀብሎ፣ በቁርባን ፊት ሰውን በቀለም የሚለየው ተቋም ጭምር ነበር።